ከመጥረጊያ ወደ መፍቻ

በዚያ ባለ አሥራ አንድ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ «ጉንዳን» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት የበሩ ዘበኛ ነው። አንድ ቀን ባልዲዋን በአንድ እጇ፣ መወልወያዋን በሌላው አንጠልጥላ ደረጃውን ስትያያዘው አየና ቢቆጥር ቢቆጥር ለዚያ ቀን ስድስተኛዋ ሆነበት። «ይቺማ ሰው አይደለችም፣ ጉንዳን ናት» አለ። ስሙ በዚያው ጸና። እሷም አልከፋትም። ጉንዳን ከክብደቷ በላይ ትሸከማለች እንጂ የሰው ፊት አታይም ብላ ተቀበለችው።

ያኔ ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ነበር፤ ጽዳት ከጀመረች ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመት። ሕንፃው ሊፍት አልነበረውም እንዳይባል ነበረው። ግን እንደ አኩራፊ አማት ነው፤ ሲያሰኘው ይናገራል፣ ሳያሰኘው ሳምንት ሙሉ ዝም ይላል። በሩ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ወረቀቱ ከመሰንበቱ የተነሳ ጠርዙ ይጠቀለልና ቀለሙ ይለቃል። አዲስ ወረቀት ለጥፊ ተብላ የምትታዘዘውም እሷው ነበረች።

ታዲያ ሰው አሥራ ሰባት ዓመት ከአንድ ነገር ጋር ከኖረ፣ ሳይፈልግም ጠባዩን ይለምዳል። ሊፍቱ ሲሠራ የየፎቁን ወለል እየወለወለች ድምፁን ትሰማዋለች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲቆም ጉልበቱ እንደከዳው ሰው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ስምንተኛው ላይ በሩ ከመከፈቱ በፊት ረዘም ያለ ትንፋሽ ያወጣል። ስድስተኛው ላይ ደግሞ በሩ ሲዘጋ ሁለት ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። እናት የልጇን ሳል ከሌላው ልጅ ሳል እንደምትለየው ነው እንጂ፣ ይህ ዕውቀት ይባላል ብላ አስባ አታውቅም።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ ሊፍቱ ሦስት ሰዎች እንደያዘ በስድስተኛውና በሰባተኛው ፎቅ መካከል ቆመ። ከዘጠነኛ ፎቅ የወረደ ጠበቃ፣ ደንበኛውና ውሃ የሚያመላልስ ሰው ነበሩ። ጠበቃው ከውስጥ ሆኖ ሕንፃውን በሙሉ እከሳለሁ እያለ ይዝታል። የጥገናው ድርጅት ሰው ተጠራና መጣ። ይህ ሰው ሁሉም «ጋሼ ብሎን» የሚሉት፣ ሥልሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቴክኒሻን ነው፤ ሲያዩት አጭር፣ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ። ጉልበቱን ያመዋል። ሊፍት የሚጠግን ሰው ደግሞ ሊፍቱ ስለማይሠራ በእግሩ ነው የሚወጣው፤ የሞተሩ ክፍል ያለው ጣሪያው ላይ ነው።

ጋሼ ብሎን አሥራ አንዱን ፎቅ ወጣ፤ የሞተሩን ፍሬን ለቆ በእጁ እያዞረው ሊፍቱን እስከ ስድስተኛ ፎቅ አወረደና ሰዎቹን አስወጣ። ጠበቃው ራበኝ ብሎ ወደ ምሳው ሄደ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሊፍቱ አልነሳ አለ። ሽማግሌው ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለገ። አንድ ጊዜ ጣሪያው ላይ፣ አንድ ጊዜ ምድር ቤት፣ እንደገና ጣሪያው ላይ። ሲወርድ የደረጃውን ብረት ጨብጦ በየፎቁ እየቆመ ያርፋል።

እሷ የስድስተኛውን ፎቅ ብረት እየወለወለች ነበር። ትናገር ወይስ ትተው? መጥረጊያ የያዘች ሴት ለሠላሳ ዓመት ባለሙያ ምን ልትለው ነው? ግን ሽማግሌው ሲያልፍ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማችና አንጀቷ አልችል አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው። «ይሄ የስድስተኛው በር ሲዘጋ ሁለት ጊዜ ቀጭ ይል ነበር። ከሐሙስ ወዲህ አንዴ ብቻ ነው የሚለው።»

ጋሼ ብሎን ቆመ። አያት፣ በሩን አየ፣ መልሶ አያት። ቁልፉን አውጥቶ በሩን ከፈተና እጁን ከላይ ወደ መቆለፊያው ሰደደ። የመጀመሪያው ቀጭታ መንጠቆው ሲገባ የሚሰማ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «በሩ ተዘግቷል» ብሎ ለሞተሩ የሚነግረው ትንሽ የኤሌክትሪክ መገናኛ ሲነካካ። የመገናኛው ብሎን ከሐሙስ ጀምሮ እየላላ መጥቶ፣ ያን ቀን ጭራሽ ተንጠልጥሏል። አጠበቀው፣ በሩን ዘጋው፣ ሁለት ጊዜ ቀጭ አለ፤ ሊፍቱም እንደ ልጅ እየዘለለ ሄደ።

ሽማግሌው አላመሰገናትም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ማስታወሻውን አወጣ። «ሰባተኛውስ?» አላት። ነገረችው። «ስምንተኛው?» ትንፋሹን ነገረችው። እንዲህ እያለ አሥራ አንዱን ፎቅ አንድ በአንድ አስቆጠራት፤ ያለችውን ሁሉ ጻፈ። ጨርሶ ሲነሳ «ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ሪፖርት ያቀረበልኝ ቴክኒሻን የለም» አለና ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ብሎን ለምርመራ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው ሊፍቱን ሳይሆን እሷን ሆነ። ሥራዋን ስትጨርስ የመፍቻ ሣጥኑን ተሸክማለት ጣሪያው ላይ ትወጣለች። ባትሪ ታበራለታለች፣ የጠየቃትን መፍቻ ታቀብለዋለች። መጀመሪያ መፍቻዎቹን በቁጥራቸው አታውቃቸውም ነበር፤ ወር ሳይሞላ እጁን ሲዘረጋ የትኛውን እንደፈለገ ከመናገሩ በፊት ታውቀው ጀመር። ይህ ለምንድን ነው፣ ያኛውስ ቢበጠስ ምን ይሆናል እያለች ታደርቀዋለች። ዝምተኛው ሰውዬ ስለ ሊፍት ሲጠየቅ ግን አፉ ይፈታል፤ ሰማንያ ኪሎ ሰው የብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ለምን እንደማይወድቅ ሲያስረዳት ዓይኑ ይበራል።

እሱ ነው ነገሩን ያነሳው። የቴክኒክ ኮሌጁ የሊፍት ጥገና የሚባል የአንድ ዓመት ትምህርት ከፍቷል፤ አሥረኛ ክፍልን ያጠናቀቀ ይገባል። እሷ ሳቀች። ዘጠነኛ ክፍል እያለች አባቷ ታሞ ትምህርቷን አቋርጣለች፤ ከዚያ ወዲህ ያነበበችው ነገር ቢኖር የሳሙና ዕቃ ላይ ያለ ጽሑፍ ነው። ጋሼ ብሎን ግን አልሳቀም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። አንቺ ሳትማሪ ጠምጥመሻል፤ የቀረሽ ወረቀቱ ነው» አላት።

ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከሚሠራበት ዳቦ ቤት ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው የሚኖሩት፤ ግድግዳው የምድጃውን ሙቀት ስለሚወስድ በብርድ ወቅት እንኳ ቤታቸው ለብ ያለ ነው። ሰውዬው ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት አለ፣ አፉ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ቀልድ። ከሻይ ጋር ነገሩን ስታነሳበት ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ።

«ሊፍት ልትጠግኚ? አምፖል ስትቀይሪ እንኳ ወንበሩን ያዝልኝ የምትይው አንቺ?»

አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጃቸውም መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ግን የእናቷን ፊት አየችና ተወችው። ባልየውም አየ። ሚስቱ ሲቀልድባት አብራው የምትስቅ ሴት ናት፤ ያን ቀን አልሳቀችም። የሻዩን ኩባያ አስቀመጠና «የምርሽን ነው?» አለ። የምሯን ነበር።

አስተማሪዋ ልጅቷ ሆነች። ከሰዓት በኋላ የሚወጣው ዳቦ ተሸጦ ሲያልቅ፣ መሸጫው ባንኮኒ ላይ ደብተር ተዘርግቶ ትምህርት ይጀመራል። ልጅቷ በትምህርት ቤት የደረሰባትን ሁሉ በእናቷ ላይ ተወጣችው ማለት ይቻላል። የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ቆሞ ይማራል አለች፤ እናትየዋም ሁለት ቀን ቆማ ተማረች። ሒሳቡ ላይ መጀመሪያ ነገር አልሆን አለ።

«እማዬ፣ ይሄ ፊደል ያልታወቀው ቁጥር ማለት ነው።»

«ካልታወቀ ታዲያ ምን አደከመን?»

ባልየው ከምድጃው ሥር ሆኖ እየሳቀ ዳቦ አቃጠለ። ቢሆንም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ያልታወቀው እየታወቀ ሄደ። በግል ተፈታኝነት ተመዝግባ፣ ልጇን ከሚያካክሉ ተማሪዎች ጋር አንድ ወንበር ተቀምጣ የዘጠነኛውንም የአሥረኛውንም ፈተና ተፈተነች። ውጤቱ ሲለጠፍ ለማየት አልደፈረችም። ልጅቷ ሄዳ አየችና እየሮጠች መጣች፤ ሮጣ የመጣችበትን ነገር ግን ለመናገር ትንፋሽ አጥታ ባንኮኒው ላይ ተደፋች። እናትየዋ ወድቄያለሁ ብላ ማጽናናት ጀመረቻት። «አልፈሻል እኮ ነው የምልሽ!» እስክትል ድረስ ጀርባዋን እየደባበሰች ነበር።

ኮሌጁ በመጀመሪያው መንፈቅ የሚያስተምረው ከሰዓት በኋላ ስለነበር፣ ከንጋት እስከ እኩለ ቀን ሕንፃዋን እያጸዳች መማር ቻለች። በክፍሉ ውስጥ ሃያ ስድስት ተማሪዎች ነበሩ። ሴቶቹ ሁለት ሲሆኑ አንደኛዋን ልትወልዳት ትችላለች። አሠልጣኙ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ጠመኔ ሲይዝ ብቻ ደስ የሚለው ሰው ነው። ዕቃ በመፍታትና በመግጠም ጉንዳንን የሚያክላት አልነበረም። የኤሌክትሪኩ ንድፍ ላይ ሲደርስ ግን ጨለመባት። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ መስመር በመስመር ተጠላልፎ፣ ሣጥንና ክብ እየሠራ የሚሄደው ነገር ዶሮ የጫረችው መሰላት። የመጀመሪያውን ፈተና ከመቶ ሠላሳ አንድ አመጣች። አሠልጣኙ ወረቀቷን ሲመልስላት «ጽዳት ሥራሽን አልለቀቅሽም አይደል?» አላት። በክፋት ነው ለማለት ይቸግራል፤ ግን ልቧ ውስጥ ገባ። ቃሉ እስከ ቤቷ ድረስ አብሯት ሄደ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሥራዋን ጨርሳ እንደ ወትሮው የየፎቁን በር ቆልፋ ወረደችና የቁልፉን ቋጠሮ ለዘበኛው አስረከበች። የሕንፃው ደንብ እንዲህ ነው፦ ከአንደኛ እስከ አሥራ አንደኛ ያለው የዕቃ ክፍል በር ሁሉ ካልተዘጋ ዘበኛው አይፈርምላትም፤ አንዷ በር ክፍት ከሆነች የቀሩት አሥሩ ቢዘጉም ዋጋ የለውም። ዘበኛው ሊፈርም ብዕሩን እንዳነሳ እጁን ያዘችው። ያ ያልገባት ንድፍ ዓይኗ ላይ መጥቶ ተዘረጋ። ኤሌክትሪኩ ማለት እኮ እሷ ናት። በየፎቁ ያልፋል፣ በሩ ተዘግቶ እንደሆነ ያያል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ይፈርምለታል። አንድ በር ከተከፈተ መንገዱ ተቋረጠ፣ ፊርማ የለም፣ ሊፍቱም አይንቀሳቀስም።

«ምን ሆንሽ?» አለ ዘበኛው። «ፈርም፣ ፈርም፣ ምንም አልሆንኩ» ብላው እየከነፈች ሄደች።

አሠልጣኙን ክፍሉ ውስጥ ብቻውን አገኘችው። ጠመኔ ተቀብላው ንድፉን ሠሌዳ ላይ ከላይ እስከ ታች እየሳለች እንደ ገባት አስረዳችው። ሰውዬው እጁን አጣምሮ አዳመጣት። ስትጨርስ «አትደምስሺው። ለክፍሉ የምታስረጂው አንቺ ነሽ» አላት። አስረዳች። ሌሎች ስምንት ተማሪዎችም ያ ንድፍ ሳይገባቸው እያስመሰሉ ሲኖሩ የገባቸው በዚያ ቀን ነበር። በሚቀጥለው ፈተና ሰማንያ ስምንት አመጣች።

ሁለተኛው መንፈቅ የተግባር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል። እንግዲህ ሥራውን መልቀቅ ሊመጣ ነው። የዚያን ዕለት ባልየው ቀልዱን አስቀምጦ ነበር የጠበቃት። አሥራ ስምንት ዓመት የሠራሽበትን እንጀራ ጥለሽ፣ ይቀጥሩኝ አይቀጥሩኝ ወደማታውቂው ነገር መሄድ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ማለት ይሄ ነው አላት።

«ብብቴ ውስጥ ያለው ባልዲ ነው» አለችው። «ቢወድቅ የሚፈሰው ውሃ ነው።»

በማግስቱ ባልየው ለዳቦ ቤቱ ባለቤት ተጨማሪ ተራ እሠራለሁ ብሎ መመዝገቡን የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። ስትጠይቀው «ዱቄት ካለበት ቤት ራብ አይገባም» ብሎ ወሬውን ወደ ሌላ ወሰደው።

በተግባሩ መንፈቅ የፈራችው ነገር መጣ። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ በሊፍቱ ጣሪያ ላይ ቆመው፣ በጨለማው ጉድጓድ ውስጥ አሥር ፎቅ መውጣት አለባቸው። ከእግርህ በታች የሊፍቱ ጣሪያ አለ፤ ከዚያ በጎን በኩል ደግሞ ክንድ የምታክል ክፍተት፣ ከክፍተቱ በታች ባዶ። የደህንነት ቀበቶውን ታጥቃ፣ ቆቧን አጥብቃ፣ ተራዋ ሲደርስ ጣሪያው ላይ ቆመች። ወጣች። እስከ አሥረኛው ፎቅ ድረስ ዓይኗን ከብረት ገመዱ ላይ ሳትነቅል ወጥታ ወረደች። ከወረደች በኋላ ግድግዳ ተደግፋ ብዙ ቆየች፤ ማንም ምንም እንዳይላት አሠልጣኙ ሌሎቹን አባረረላት። በሚቀጥለው ቀን ተሰልፈው ሲጠባበቁ ከፊት የቆመችው እሷ ነበረች። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጉድጓዱ ውስጥ ሆና ምሳዋን በላች።

ከሃያ ስድስቱ ሦስተኛ ሆና ተመረቀች። ለዚያ ቀን ባሏ የሰው ቁመት ያህል ረጅም ዳቦ ጋግሮ በትከሻው ተሸክሞ መጣ፤ አሠልጣኙ ሳይቀር ቆርሶ በላ።

ወረቀቱ በእጅ ገባ ማለት ግን ሥራው ተገኘ ማለት አይደለም። አራት ድርጅቶች ጋ ሄደች። አንደኛው ጋ የጠየቋት ሰው፣ ጉድጓድ ውስጥ ስትገቢ ባልሽ ምን ይላል አሏት። «ዳቦው እንዳያርርበት ይጠነቀቃል» አለቻቸው። ሰውዬው ሳቁ እንጂ አልቀጠሯትም። ሌላው ጋ ማመልከቻዋን ሲያዩ ለጽዳት ቦታ የመጣች መስሏቸው ወደ ሌላ ክፍል መሯት። ወር አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ አራተኛው ገባ። ባልየው ያን ተረት ደግሞ አላነሳውም፤ እሷን የከበዳትም አለማንሳቱ ነው።

ይህን ጊዜ ጋሼ ብሎን ወደሚሠራበት የጥገና ድርጅት ባለቤት ቢሮ ገባ። የድርጅቱ ባለቤት መነጽሯን ከአፍንጫዋ ጫፍ ላይ የማታወርድ፣ ከወንድሞቿ ጋር ተሟግታ የአባቷን ድርጅት የተረከበች ሴት ናት። ሽማግሌው ነገሩን አላስረዘመውም። ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል፣ በእኔ ቦታ የምትወጣ ሰው አለችኝ አለ። ሴትዮዋ ጉንዳንን አስጠርታ ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት።

«ሴት ስለሆነች አልቀጥራትም ብል መጀመሪያ ራሴን ማባረር አለብኝ» አለች። «ሴት ናት ብዬም አልቀጥርም። ሦስት ወር እሞክርሻለሁ።»

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስቂኝም አድካሚም ነበሩ። የመፍቻ ሣጥኗን ይዛ በደረሰችበት ሁሉ «ቴክኒሻኑ መቼ ነው የሚመጣው?» ይሏታል። «መጥቷል» ትላለች፤ እያለችም የመቆጣጠሪያውን ሣጥን ትከፍታለች። ከሥራ ባልደረቦቿ አንዱ፣ ሁሉም «ኢንጂነር» የሚሉት፣ በራሱ የሚተማመን ጎበዝ ቴክኒሻን ነበር፤ እሷ ስትወጣ «መወልወያሽን እንዳትረሺ» ማለት ያስደስተዋል።

ድርጅቱን ያንገበገበ አንድ ሥራ ነበር። ባለ ሃያ ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ነው። ሊፍቱ ስምንት ወር ሙሉ ያለ ምክንያት ይቆማል፤ ሰው ሲደርስለት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። የመቆጣጠሪያው ሣጥን ተቀየረ፣ ሞተሩ ተፈታ፣ ገመዱ ተፈተሸ። ኢንጂነር ራሱ አምስት ጊዜ ሄዶ አምስት ጊዜ «አሁን ተስተካክሏል» ብሎ ፈረመ። የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ውሉን ሊያፈርስ ቀጠሮ ይዟል። የጉንዳን የሙከራ ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሌላ ሰው ስላልነበረ እሷ ተላከች።

እሷ መፍቻ አላነሳችም። ዘበኛው የብልሽት መዝገብ ይይዝ ስለነበር ያን ተቀበለችና ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቀኖቹን በደብተሯ ላይ ገለበጠች። እስከዚያ ድረስ የመጣው ሁሉ ምን እንደተበላሸ ነው የጠየቀው፤ መቼ እንደተበላሸ የጠየቀ አልነበረም። ስትጨርስ አየችው፤ ሊፍቱ የቆመው ከጥቂት ቀናት በስተቀር ማክሰኞና ዓርብ ነው። ማክሰኞና ዓርብ እዚህ ምን ይደረጋል ብላ ዘበኛውን ጠየቀችው። ምንም አይደረግም አላት። እሷ ግን ሕንፃ ያለ አንድ ነገር ሳይደረግበት እንደማይውል ታውቃለች።

«ጽዳት መቼ መቼ ነው?»

«እሱማ... ማክሰኞና ዓርብ ነው።»

የጽዳት ሠራተኛዋን አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ፣ ዳቦ በሻይ እያጣቀሰች አገኘቻት። ከእሷ በዕድሜ የምትበልጥ፣ እጇ በውሃ ብዛት የተጨማደደ ሴት ናት። የድርጅቱን የደንብ ልብስ ስታይ ልትነሳ ቃጣት። ጉንዳን አጠገቧ ተቀመጠች። እኔም አሥራ ስምንት ዓመት ወልውያለሁ አለቻት። ሴትየዋ አላመነቻትም። በየትኛው ሳሙና ስትላት ነገረቻት፤ የቱ ወለል ላይ ምን ያህል ውሃ እንደሚበቃ፣ ወገብ ሳይታመም ባልዲ እንዴት እንደሚነሳ ተጨዋወቱ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ነገሩ የገቡት።

«እትዬ፣ በየፎቁ የሚጸዳበት ውሃ በየት በኩል ነው የሚወርደው?»

ሴትየዋ ፊቷ ተለወጠ። ሊያባርሩኝ ነው ብላ ፈራች። ግን ተናገረች፤ የአሥራ አራተኛው ፎቅ መተላለፊያ የውሃ መውረጃ ከተደፈነ ቆይቷል። ውሃውን በሊፍቱ በር በኩል ወደ ደረጃው መግፋት ነው ያላት ምርጫ። ለአስተዳደሩ ሦስት ጊዜ ተናግራለች፤ እሺ ይታያል ተብላ ቀርታለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው እንዴ?» አለች።

«የእርስዎ አይደለም» አለቻት ጉንዳን። «እርስዎማ ቀድመው ተናግረዋል።»

ዓርብ ረፋድ ላይ ሊፍቱን ከአሥራ አራተኛው ፎቅ በታች አቁማ ጣሪያው ላይ ወጣች። ባትሪዋን ወደ ላይ አብርታ ጠበቀች። ከውጭ የመጥረጊያው ድምፅ ተሰማ፣ ውሃው ሲገፋ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ አንድ የውሃ ዘለላ በበሩ ወሰን ሥር ሾለከ፣ በብረቱ ላይ እየተንኳለለ ወርዶ ከሥሩ ባለው የአሥራ ሦስተኛው ፎቅ በር መቆለፊያ ውስጥ ገባ። ሌላ ተከተለው። መገናኛው ሲረጥብ ሊፍቱ ይቆማል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲደርቅ ደግሞ ይነሳል። ስምንት ወር ሙሉ ሲፈለግ የኖረው ጠላት ይህ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ብቻዋን ሆና ጮክ ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ከላይ እስከ ታች ሃያውን ፎቅ ዞረ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው።

መገናኛውን ለወጠች፣ ከበሩ ሥር ውሃ የሚመልስ ቆርቆሮ ገጠመች፤ የውሃ መውረጃውም እስኪከፈት ድረስ አስተዳዳሪውን አላስቀመጠችውም። ማክሰኞ አለፈ፣ ዓርብ አለፈ፣ እንደገና ማክሰኞ አለፈ። ሊፍቱ አልቆመም።

የኮሚቴው ስብሰባ ላይ የድርጅቱ ባለቤትና ኢንጂነርም ነበሩ። ሊቀ መንበሩ ውሉን ለማፍረስ ያዘጋጀውን ደብዳቤ አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ስምንት ወር ሙሉ የመጣው ሁሉ ያላገኘውን አንቺ እንዴት አገኘሽው ብሎ ጠየቃት። ተነሳች።

«ያገኘሁት እኔ አይደለሁም። አሥራ አራተኛ ፎቅን የሚያጸዱት እናት ከስምንት ወር በፊት አግኝተውታል። ሦስት ጊዜም ተናግረዋል። እኔ ያደረግሁት መጠየቅ ብቻ ነው።»

ሊቀ መንበሩ አስተዳዳሪውን አየው፤ አስተዳዳሪው ጫማውን አየ። የጽዳት ሠራተኛዋ ከኋላ በኩል፣ በሩ ሥር ቆማ ነበርና ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት መግቢያ ጠፋት። አንድ ሽማግሌ ነዋሪ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ሲወጡ የድርጅቱ ባለቤት መነጽሯን ለመጀመሪያ ጊዜ አውልቃ ጠረገችና የሙከራው ጊዜ አብቅቷል፣ ሰኞ መጥተሽ ውልሽን ፈርሚ አለቻት። ኢንጂነር ደግሞ እስከ መኪናው ድረስ አብሯት ሄደ። በሩን ከፍቶላት ሲቆም «አንድ ያስቸገረኝ ሕንፃ አለ። ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ የመወልወያውን ቀልድ ከአፉ የሰማ የለም።

ይህ ከሆነ አምስት ዓመት አልፏል። ዛሬ ሃያ ሦስት ሕንፃ በእሷ ኃላፊነት ሥር ነው። ሁለት ቴክኒሻኖችን ትመራለች፤ አንደኛው በዕድሜ ይበልጣታል፣ እሷም አንቱ ነው የምትለው። በሥሯ የሚሠሩት ወደ አዲስ ሕንፃ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያነጋግሩት ዘበኛውንና የጽዳት ሠራተኛውን እንዲሆን ደንብ አውጥታለች። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ተቃርባለች፤ እናቷ በስልክ የንድፍ ጥያቄ ስታቀርብላት አሁን አላውቀውም የምትለው እሷ ሆናለች።

ባለፈው ወር ደግሞ ከዚያ በፊት ሠርታ የማታውቀውን ሥራ ጨረሰች። አዲስ የተሠራ ሆስፒታል ውስጥ፣ ባዶ ከነበረ ጉድጓድ ተነስታ፣ ሀዲዱን አስተካክላ፣ ገመዱን አስራ፣ ሞተሩን አስቀምጣ፣ አልጋ የሚያስገባ ሰፊ ሊፍት ከነሙሉ ቡድኗ ገጠመች። የመንግሥት ተቆጣጣሪው ለፍተሻ መጣ። የአሸዋ ከረጢት ጭኖ ፈተነው፣ ፍሬኑን ፈተነው፣ በሮቹን አንድ በአንድ ፈተነ። በመጨረሻ ከኪሱ አንድ ሳንቲም አወጣና በሊፍቱ ወለል ላይ በጠርዙ አቆመው። ይህ የድሮ ቴክኒሻኖች ፈተና ነው፤ ሊፍቱ ከተንገጫገጨ ሳንቲሙ ይወድቃል።

እሷና ተቆጣጣሪው ጎን ለጎን ቆሙ። ቁልፉን ተጫነች። ሁለተኛ፣ አምስተኛ፣ ዘጠነኛ። ሊፍቱ አሥራ አምስተኛው ፎቅ ላይ ደርሶ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። ሳንቲሙ እንደቆመ ነው።

ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ አነሳውና ወረቀቱን ዘረጋላት። «የገጠመው ባለሙያ» በሚለው ቦታ ላይ ሙሉ ስሟን ጻፈች፣ ፈረመች፣ ብዕሩን መለሰችለት። ከዚያ መፍቻዎቿን ሰብስባ ሣጥኗን ዘጋችና በራሷ ሊፍት ወረደች።